ቢጫዋ መብራትና የቀኝ እግሬ

ያቺ ቢጫ መብራት መጀመሪያ የበራችብኝ ከጎፋ ወርደን፣ ወንዙን ተሻግረን፣ ወደ ላፍቶ በሚወጣው ዳገት ወገብ ላይ ነው። ጣሪያው ላይ አራት የመጋረጃ ዘንግ አስሬያለሁ። የኋላው ወንበር በሰፋሁት መጋረጃ ተሞልቷል። አማቴ ከጎኔ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። መኪናዋ ደህና ስትሄድ ቆይታ በድንገት አቅም አነሳት። አልጠፋችም፤ ሞተሩ ይሠራል። ግን ነዳጅ መስጫውን ብረግጠው፣ ደግሜ ብረግጠው፣ ወለሉ ድረስ ብጫነው የሚሰማኝ የለም። ጭነት እንደበዛበት አህያ ዳገቱን ታዘግም ጀመር። ከመሪው ፊት ለፊት ከተደረደሩት ትናንሽ መብራቶች መሃል፣ ከዚያ በፊት አይቻት የማላውቅ አንዲት ቢጫ ቦግ ብላ ቀረች።

«ምን ሆነች?» አሉ አማቴ።

«እንጃ፣ እማማ።»

«እግርሽን አንስተሽ እንዳይሆን።»

«አላነሳሁም። ይኸው እየረገጥኩ ነው።»

ጎንበስ ብለው እግሬን አዩ። እውነትም እየረገጥኩ ነው። ከኋላችን ሲሚንቶ የጫነ መኪና ጡሩንባውን ሲነፋ ቆይቶ አልፎን ሄደ። ሾፌሩ ሲያልፍ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እመቤት፣ የከበደሽ መጋረጃው ነው መሪው?» አለኝ። ዳር ይዤ ቆምኩና ሞተሩን አጠፋሁ። ትንሽ ቆይቼ መልሼ ሳስነሳት መብራቷ ጠፋች፤ መኪናዋም ምንም እንዳልሆነች ሁሉ ተነስታ ሄደች። ለቡ ደርሰን መጋረጃውን ሰቅለን ተመለስን። ለማንም አልተናገርንም።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ልንገራችሁ። ባለቤቴ አንድ የውጭ አገር ባለሙያ በሚመራው የፕሮጀክት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ይሠራ ነበር። ሰውዬው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ከአውሮፓ ያስመጣት መኪና ለባለቤቴ ደረሰችው። ዘጠናዎቹ ገና መጀመራቸው ነው፤ በሰፈራችን የሚታዩት መኪኖች አብዛኞቹ በዕድሜ እኔን የሚበልጡ ናቸው። የእኛዋ በመሃላቸው ስትቆም ልደቷን እንደምታከብር ሕፃን ነበረች። ባለቤቴ ግን ብዙውን ጊዜ መስክ ነው፤ የሚመጣው በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ነው። መኪናዋ ሸራ ለብሳ በር ላይ ትቆማለች።

እኔ ደግሞ መጋረጃ እሰፋለሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ያረጀ መጋረጃ ፈትቼ፣ መልሼ እየሰፋሁ ነው የለመድኩት። በዚያን ጊዜ ለቡ ላይ ቤት በቤት ላይ ይሠራ ነበር፤ አዲስ ቤት ደግሞ መስኮት አለው፤ መስኮት ደግሞ መጋረጃ ይፈልጋል። ሥራው ሞልቷል፤ መከራው ማድረሱ ነው። ሦስት ሜትር ዘንግ ይዛችሁ ሚኒባስ ለመሳፈር ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ሞክሬያለሁ። አንዴ ዘንጉን በመስኮት አውጥቼ ይዤው ስሄድ መንገድ ዳር የቆመ ሰው ባርኔጣ አንስቼ መካኒሳ ወስጄዋለሁ።

ስለዚህ መንዳት ልማር አልኩ። ባለቤቴ ሳቀ፤ ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ከሱ ባሰ። ወንድምየው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ በመንዳት ጉዳይ በቤታችን ፍርድ የሚሰጠው እሱ ነው። «እታለም፣ በዚህችኛዋ መኪና የሚበጠሰው ክር አይደለም፣ ሰው ነው» አለኝ። ሁለት ጊዜ ተፈትኜ ወደቅኩ። ሁለቱንም ጊዜ የጣለኝ ወደ ኋላ መንዳቱ ነው፤ ወደ ፊቱንስ የሚችለኝ አልነበረም። ሁለተኛውን ወድቄ ስመለስ ወንድማማቾቹ ሲተያዩ አማቴ ከመደባቸው ተነሱና «ልጆቼ በእግራቸው ለመሄድ እንኳ ስንት ጊዜ ወድቀዋል፤ ነገ ሂጂና ተመዝገቢ» አሉኝ። ሄድኩ። በሦስተኛው አለፍኩ። ይህን ውለታቸውን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

መንጃ ፈቃዱን ይዤ ወደ ለቡ መመላለስ ስጀምር አማቴ ብቻሽን ሰው ቤት አትገቢም ብለው አብረውኝ መሄድ ጀመሩ። ደግሞም ይጠቅሙኝ ነበር፤ የተጣመመ ጠርዝ ከሩቅ ያያሉ። በየጠዋቱ ከመነሳታችን በፊት ከደብሩ ያመጡትን ጠበል በጠርሙስ ይዘው ይወጡና ጎማዎቹንና የፊት መስታወቱን ይረጫሉ። አንድ ቀን ግን ለቡ አካባቢ የተገለበጠ ሚኒባስ አየን። በማግሥቱ አማቴ ጠርሙሱን ይዘው መኪናዋ ፊት ቆሙ።

«ክፈቺልኝ» አሉ።

«ምኑን?»

«ሆዷን። ሰው ሲጠመቅ የሚጠመቀው ገላው ነው እንጂ ካፖርቱ አይደለም።»

ምን ልበል? ኮፈኑን ከፈትኩላቸው። እምነቱን፣ ያንን ከደብሩ የሚመጣ የተባረከ አመድ፣ በጠበሉ በጥብጠው እየጸለዩ ረጩት። ከዚያ ወዲያ የዘወትር ሆነ። እኔ ኮፈኑን እከፍታለሁ፣ እሳቸው ይረጫሉ፣ እዘጋለሁ፣ እንሄዳለን። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ይረጋ ነበር።

ቢጫዋ መብራት ከዚያ ዳገት በኋላ አልተወችኝም። አንድ ጠዋት ትመጣለች፣ ሁለት ቀን ትጠፋለች፣ ደግሞ ትመጣለች። ስትመጣ መኪናዋ አቅሟን ታጣለች። መንገድ መሃል፣ አደባባይ ላይ፣ ከኋላዬ አውቶቡስ እየመጣ። አንድ ጊዜ ወደ ዋናው መንገድ ስገባ ደከመችብኝና የመጣው መኪና በጥቂት ክንድ ሳተን። የአማቴ መቁጠሪያ ከእጃቸው ወደቀ። በማግሥቱ ጠዋት ከጠበሉም ከእምነቱም እጥፍ አድርገው ረጩ።

ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ ካንዴላዎቹን ለወጠ፣ አየር ማጣሪያውን አራገፈ፣ ሁለት ቀን ደህና ሆነችና ተመለሰባት። ሁለተኛ ጋራዥ ሄድኩ። ያኛው ከነዳጅ መስጫው እስከ ሞተሩ የሚሄደውን የብረት ገመድ፣ ካቮ የሚሉትን፣ ሲፈልግ ቆይቶ እጁን እየጠረገ ወጣ።

«እትዬ፣ ካቮዋ ተሰርቋል» አለኝ።

«ታዲያ እዚህ በምን መጣሁ?»

«እሱንማ እኔም እያሰብኩት ነው።»

ጥቂት አሰበና ጥቁር ፕላስተር አምጥቶ ቢጫዋ መብራት ላይ ለጠፈባት። «ቢያንስ አታስደነግጥሽም» አለ። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ ስትደክም መብራቷን እንኳ ማየት ቀረ።

ወሬው የባለቤቴ ወንድም ዘንድ ደረሰ። አንድ ከሰዓት መጣና ቁልፉን ተቀብሎኝ በጎፋ ዞሮ፣ መካኒሳ ደርሶ፣ ያንኑ የላፍቶ ዳገት ወጥቶ ተመለሰ። መኪናዋ እየዘፈነች ሄደችለት። በሌላ ቀንም ከሰዓት መጥቶ ነዳት፤ ደግማ ዘፈነችለት። እኔ በማግሥቱ ጠዋት ስነዳት በር ላይ ደከመችብኝ።

«እታለም፣ ቅር አይበልሽ እንጂ፣» አለኝ ሊያይ መጥቶ በር ላይ ቆሞ፣ «በሽታው የሞተር አይደለም። የእግር ነው።»

ባለቤቴ ቅዳሜ ሲመጣ ወንድሙ ሁሉንም ነገረው። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ የፈራውም ለእኔና ለእናቱ ነው። አስቦበት፣ ቀስ ብሎ፣ ነገሩን ቆረጠው፦ «እስከሚቀጥለው መምጫዬ የሚያድናት ከተገኘ ጥሩ። ካልተገኘ ቁልፉን ለሱ ስጪው፣ እሱ ይያዛት። ሰው ከመግደልሽ በፊት።»

ሁለት ሳምንት። ቁልፉ ከሄደ ዘንጉን ይዤ ወደ ሚኒባስ ተራ ነው፤ ለቡም ያሉት ደንበኞቼ በመኪና ለሚመጣ ሌላ ሰፊ ናቸው። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን እኔም ማመን መጀመሬ ነው። ልብስ ስፌት መኪናዬ ላይ ቁጭ ብዬ፣ መርገጫውን ስረግጥ፣ ዓይኔ ከጨርቁ ይልቅ ቀኝ እግሬ ላይ ይሆናል። ይህ እግር ስንት ዓመት ረግጧል። መቼ ጸንቶ መርገጥ እንዳለበት፣ መቼ መላላት እንዳለበት ያውቃል። ታዲያ እዚያኛዋ መኪና ላይ ሲሄድ ምን ይሆናል? ክሩ አልፎኝ ይሄድና ጥልፍልፍ ብሎ ይያዛል።

ሁለተኛው ሳምንት ሊያልቅ አንዲት ደንበኛዬ መካኒሳ ያለ አንድ መካኒክ ጠቆመችኝ። ከደቡብ የመጣ፣ ጸጥ ያለ፣ ቀድሞ በአንድ የውጭ አገር መሥሪያ ቤት ጋራዥ የሠራ ሰው ነው አለች። ጴንጤ ነው አለችኝ ደግሞ፣ አማቴን ስለምታውቅ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ባለቤቴ በሚመጣበት ቀን፣ አማቴ እንደ ልማዳቸው ረጭተው ተነሳን። ሁለት ጊዜ ደክማብን ደረስን።

መካኒኩ አማቴን ዛፍ ሥር ወንበር ሰጥቶ አስቀመጣቸው። «እማማ፣ ጥላው ይሻልዎታል» አለ። ከዚያ ሌሎቹ ያላደረጉትን አደረገ፤ እጁን ኪሱ ከትቶ አዳመጠኝ።

«ስትደክም ጠዋት ነው ወይስ ከሰዓት?»

ቆም ብዬ አሰብኩ። «ጠዋት። ሁልጊዜ ጠዋት።»

«ከሰዓትስ?»

«ከሰዓት የባለቤቴ ወንድም ነው የነዳት። እሱ ሲነዳት ደህና ናት። እግርሽ ነው የሚሉኝ ለዚያ ነው።»

«እግርሽ?» ፈገግ አለ። «እህቴ፣ በዚህች መኪና እግርሽ ሞተሩን አይነካውም። ካቮ የላትም፣ ሲጀመርም አልነበራትም። አንቺ ስትረግጪ መልእክቱ በኤሌክትሪክ ሽቦ ይሄዳል፤ እዚያ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ሞተር መልእክቱን አይታ ለትልቁ ሞተር አየር ትከፍትለታለች። መልእክቱ ከተምታታ መኪናዋ ትፈራለች። ስትፈራ መብራቷን ታበራና ቀስ ብላ ብቻ ትሄዳለች። ሰው እንዳይጎዳ ተብሎ እንደዚያ የተሠራች ናት።»

መኪናዋ የምትደክመው ፈርታ ነው። እንደ እኔ።

ኮፈኑን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ከታች ካለች ትንሽ ሳጥን ላይ አንድ ሶኬት ነቀለ። ጣቱን አስገብቶ ያወጣውን ወደ ብርሃኑ ይዞ አየው፤ በአውራ ጣቱ አሸው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠራኝ።

«እትዬ፣ ሞተሩ ላይ አመድ ታደርጊበታለሽ እንዴ?»

ሶኬቱ ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የመዳብ እግሮች አረንጓዴ ዝገት አውጥተዋል። በመሃላቸው እርጥብ፣ ግራጫ፣ ሊጥ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። አወቅሁት። ለዓመታት በግንባሬ ላይ የተቀባሁትን እንዴት አላውቀው?

ጠዋት ይረጫል፤ ሶኬቱ ይረጥባል፤ መኪናዋ ትፈራለች። ከሰዓት በሞተሩ ሙቀት ይደርቃል፤ ወንድምየው ይነዳታል፤ ትዘፍናለች። እግሬ አልነበረም። እግሬ ደህና ነው። መኪናዋን ተደግፌ ቆምኩ።

ከዚያ ዘወር ብዬ አማቴን አየሁ። ዛፉ ሥር ቁጭ ብለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለእኔና ለዚያች መኪና ነው።

መካኒኩም ዓይኔን ተከትሎ አያቸው። መቁጠሪያውን አየ፣ እግራቸው ሥር ያስቀመጡትን ጠርሙስ አየ፣ ጣቱ ላይ ያለውን አመድ አየ። አሁን አንድ ነገር ይናገራል ብዬ ጠበቅኩ፤ የእሱ ሃይማኖት ሌላ ነው፤ ሊስቅባቸውም ሊያስተምራቸውም ይችላል። እሱ ግን ጣቱን በጨርቅ ጠረገና እሳቸው እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ውሃ ገብቶባት ነው። ዝናብ ሳይሆን አይቀርም» አለ።

አማቴ ዓይናቸውን ገለጡ። «ዝናብ? በየካቲት?»

«አንዳንዴ ከክረምት የቀረ ውሃ ይኖራል፣ እማማ» አለ መካኒኩ፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ።

አማቴ ጎንበስ ብለው እግራቸው ሥር ያለውን ጠርሙስ አዩት፤ አነሱትም። እሱ ሶኬቱን በብሩሽ አጸዳ፣ በኮምፕሬሰር ነፍቶ አደረቀ፣ መልሶ ሰካና ዙሪያውን በላስቲክ ጠቅልሎ አሰረው። ባትሪውን ፈትቶ፣ ፍርሃቷን እንድትረሳ ጥቂት አቆይቶ አሰረ። ልንሄድ ስንል «ያቺን ፕላስተር ልተውልሽ ወይስ ላንሳልሽ?» አለኝ።

«አንሳልኝ» አልኩ። «አለመብራቷን ማየት እፈልጋለሁ።»

አልበራችም። ገና ትናንት ያነቀችኝን ያቺን ዳገት በጠዋቱ ወጣኋት፤ ወርጄ ደግሜ ወጣኋት፤ መኪናዋ ስረግጣት ትሰማኛለች። አማቴ ወዴት ትመላለሺያለሽ አላሉኝም። ጠርሙሱን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊት ፊቱን ያያሉ። እኔ ደግሞ ደስታዬን እንዴት እንደምናገር አላውቅም። ስሜን የምታነጻ አንዲት ቃል አፌ ውስጥ አለች፤ ያችን ቃል ካወጣሁ ግን በልጆቻቸው ፊት የሚያፍሩት እሳቸው ናቸው። ሁለት ጊዜ ወድቄ ስመጣ ነገ ተመዝገቢ ያሉኝ ሴት።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ ገብቷል፤ ወንድሙም አለ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ተገኘ» አልኩ። «አንድ ሶኬት ውሃ ገብቶበት ነው። ተሠርቷል።»

«ውሃ ከየት መጣ?» አለ ወንድምየው። ጥቂት አሰበና ራሱን ነቀነቀ። «እታለም፣ ሞተሩን በውሃ አጥበሽዋላ። እኔኮ ብያለሁ፤ ዞሮ ዞሮ ያው አንቺው ነሽ።»

ባለቤቴ አየኝ። «አጥበሽው ነው?»

አዎ ልል ነበር፣ እውነቴን ነው። ቁልፉ ሲሄድ ታየኝ፣ ዘንጉና ሚኒባሱ ታየኝ፣ ሆኖም አዎ ልል ነበር።

«እኔ ነኝ» አሉ አማቴ ከበሩ።

ሁለቱም ዞሩ።

«አላጠበችም። ዝናብም አልነበረም፤ ያ ሰውዬ ለእኔ ብሎ ነው። ጠበሉን ሆዷ ውስጥ የረጨሁት እኔ ነኝ፤ እምነቱንም የጨመርኩት እኔ ነኝ። እሷን ክፈቺ ብዬ አስከፍቼ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በጠዋት አረጥበዋለሁ፣ አንተ ከሰዓት ሲደርቅ ትነዳና ጀግና ትባላለህ። እሷ በረጠበው እየነዳች ለቡ ደርሳ ትመለስ ነበር። እስቲ አንተ በረጠበው ንዳት።»

መጀመሪያ የሳቀው ባለቤቴ ነው፤ በእጁ ፊቱን ሸፍኖ፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። ወንድምየው ሳቁን ለመያዝ ጥቂት ታገለ።

«እማዬ፣ ታዲያ መኪናዋን ክርስትና አንስተሻታል ማለት ነው። ስሟን ማን አላችኋት?»

«ዝም በል አንተ» አሉት። እሳቸውም ግን ሳቅ ሊያመልጣቸው ነበር። ወደ ጠረጴዛው ሄደው ቁልፉን አነሱና ማንንም ሳይጠይቁ መዳፌ ላይ አስቀመጡት። ባለቤቴ አየና ወደ ቀረበው ምሳ ዞረ። ወንድምየው ደግሞ እንጀራውን እየቆረሰ፣ ቀና ሳይል፣ «በረጠበው ለቡ ድረስ…» አለ ለራሱ። ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ሰኞ ጠዋት ዘንጎቼን ጣሪያው ላይ አስሬ ስጨርስ አማቴ ጠርሙሱን ይዘው ወጡ። ሳላስበው እጄን ኮፈኑ ላይ ጣልኩ።

«እማማ…»

«አውቃለሁ፣ አልረሳሁም» አሉ። «እሷን ማን ነክቷት። ነይ፣ ቁጭ በይ። የቀኝ እግር ጫማሽን አውልቂ።»

«ምን?»

«መልእክቱን የሚልከው እግርሽ ነው አላለም ሰውየው? እንግዲያስ ከላኪው እንጀምራለን።»

በሩን ከፍቼ የሾፌሩ ወንበር ላይ ወደ ውጭ ዞሬ ተቀመጥኩ። ጎንበስ ብለው ሦስት ጊዜ ረጩኝ፣ በእምነቱም ከካልሲዬ በላይ ቁርጭምጭሚቴ ላይ መስቀል ሠሩበት። ቀና ሲሉ ጉልበቴን ተደገፉ። ከዚያ ዞረው ከጎኔ ገቡና በሩን ጎትተው ዘጉ።

የላፍቶን ዳገት ስንወጣ ሁለታችንም የምናየው አንድ ቦታ ነበር፤ ያቺ መብራት የምትበራበት። ቦታው እንደጨለመ ነው። ካልሲዬ ሳይደርቅ ለቡ ደረስን።